እስኪለምኑኝ ድረስ

ግንቦት 4

ለምወድሽ፣ ለምትቆጪኝና ለምትናፍቂኝ አክስቴ፣ ለእቴቴ፦

ሰላምታዬ ከወገብሽ ሕመም ቀድሞ ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? የሹራብ መሥሪያ መኪናሽስ እንዴት ሰነበተች? መቼም እሷን ሳልጠይቅ ካለፍኩ ግማሽ ቤተሰብ እንደዘለልኩ ነው የምትቆጥሪብኝ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጸጉሬንም አበጥራለሁ። የምትጠይቂኝን ሁሉ አስቀድሜ መልሼልሻለሁ፤ አሁን ወደ ጉዴ ልግባ።

ሥራዬን ወድጄዋለሁ። ያረጀ ሶፋ ይመጣል፤ አለቃዬ ጨርቁን ይገፈዋል፣ የላላውን እንጨት ያጠብቃል፣ ስፖንጅ ይቀይራል፤ እኔ አዲሱን ልብስ ለክቼ እሰፋለሁ። ከሶፋ ሆድ የማይወጣ ነገር የለም። ማበጠሪያ፣ የልጅ ካልሲ፣ ባለፈው ደግሞ የአንድ ሰውዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ! አለቃዬ ብዙ አያወራም። ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል ይመስለኛል። ሚስቱ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ጨርቅ ትሸጣለች። እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ወጪ ወራጁን ይታዘባሉ። የእኔ ክፍል ከሱቁ ጀርባ ናት፤ አልጋና ጠረጴዛ ይዛ ለእኔ መዞሪያ እንኳ አልተረፋትም። ከግድግዳው ማዶ የእነሱ ወጥ ቤት ስለሆነ ራት ላይ ሲሆኑ የሳህናቸው ድምፅ ይሰማኛል። ደስ ይለኛል፤ ደግሞ ሆዴን ያባባዋል።

እንግዲህ እዚህ አገር ትልቁ በዓላቸው ሊደርስ ነው። ሰው ሁሉ ሶፋው ለበዓሉ እንዲደርስለት ስለሚፈልግ ጣቶቼ አብጠዋል። ሰኞ ዕለት አለቃዬ ምስማሩን ከአፉ አወጣና (ይህ ራሱ ትልቅ ክብር ነው!) «በዓሉን ከእኛ ጋር ብትውይስ?» አለኝ። እቴቴ፣ ልቤ ዘለለች። ግን አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ አይደለሁ? አንገቴን ደፋ አድርጌ «አይ፣ አላስቸግራችሁም፣ እኔ ግድ የለም» አልኩት። አልኩና ቀጣዩን መጠበቅ ጀመርኩ። መቼም «ኧረ ተይ»፣ «ምን ማለትሽ ነው?» ይባላል። እሱ ግን «እሺ፣ እንደፈለግሽ» ብሎ ምስማሩን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው። በቃ! ክው አልኩ። መቀሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ምናልባት ሚስቱ ትጠራኝ ይሆናል ብዬ ክር ልወስድ ነው እያልኩ ወደ እሷ ስመላለስ ዋልኩ። ክሩ በዛብኝ እንጂ ጥሪ አልመጣም። እንዲያውም ከዚያ ቀን ወዲህ ቀዝቀዝ ብላብኛለች። እናትየውም ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ይሉኝ የነበረውን ትተው መንገድ መንገዱን ነው የሚያዩት።

ያን ቀን ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው አሉ። ካንቺ ተለይቼ የማሳልፈው የመጀመሪያው በዓል ነው፤ ግድግዳ ሳይ ልውል ነው ማለት ነው። በሐምሌ የእኛ በዓል ሲመጣስ አንቺ ከማን ጋር ትውያለሽ? ሁልጊዜ ሁለታችን ነበርን። ምን ላድርግ? ምከሪኝ።

ጉልበትሽን ስሜ እሰናበትሻለሁ።
ልጅሽ ችኩሏ

ግንቦት 21

ለምወድሽ ልጄ፣ ለችኩሏ፦

ያለሽበት አገር አየሩም ሰዉም ይስማማሽ። እጅሽ የነካው ይመርልሽ፣ መርፌ አይውጋሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። አሜን በይ። አላልሽም፣ አውቅሻለሁ፤ ተመልሰሽ በይ።

በፊት ስልክ ልደውል ወይ ያልሽኝን ተዪው። ስልክ ላይ እኔም ሃሎ፣ አንቺም ሃሎ ስንባባል ወሬው ያልቃል። ደብዳቤ ግን መነጽሬን አድርጌ፣ ቁጭ ብዬ፣ ስፈልግ መልሼ አነበዋለሁ።

ደግ አደረግሽ! ኮራሁብሽ! በመጀመሪያ ጥሪ ዘላ የምትገባ ልጅ አላሳደግኩም። ግን እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ፍጡሮች ናቸው? አንዴ ጠርቶ ዝም ይባላል? የአውቶቡስ ረዳት እንኳ የማያውቀውን መንገደኛ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጣራል! እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። በዋዜማው ዳቦ ቤት ሂጂና አንዲት ትንሽ ዳቦ ብቻ ገዝተሽ በሚስትየው ፊት እለፊ። አንዲት! ሁለት ከሆነች እንግዳ አለባት ይላሉ። ያ አልገባቸው ካለ አጠገባቸው ቆመሽ በረጅሙ ተንፍሺ። የምር ከፈለጉሽ ይለምኑሻል። ካልለመኑሽ ግን ቤትሽ ተቀመጪ፤ ክብርሽን አትጣዪ።

ስለ እኔ አታስቢ። ለበዓል ቤቴ ሰው አያጣም። ይልቅ የታናሽ ወንድሜን ጉድ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ያ ጸጉር አስተካካይ አጎትሽ ድንገት ከተፍ አለ። ነጭ ጋወኑን እንደለበሰ፣ እጅጌው ላይ ያለውን የሰው ጸጉር እንኳ ሳያራግፍ፣ በር ላይ ቆሞ «ዘንድሮ ብቻሽን ነሽ፣ በዓሉን እኛ ጋ ነይ» አለኝ። ቁጭ በል ስለው «ደንበኛ ወንበር ላይ ትቼ ነው የመጣሁት» አለ። እኔ እኮ ታላቁ ነኝ! አዝዬ ያሳደግኩት ነኝ! «አይ፣ ሰው ይመጣብኛል» አልኩት። «እንግዲህ እንዳልሽ» ብሎ እብስ አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ድምፁ የለም። እኔም አልጠብቀውም። በር ሲንኳኳ ተነሥቼ የማየው ለደንበኛ ብዬ ነው።

ስትሄጂ ለመኪናዬ መርፌ ላኪልኝ ያልኩሽን ተዪው፤ አሁን ሥራ የለም። ለትራስ የሚሆን የሶፋ ጨርቅ ቁራጭ ከተረፈሽ ግን አትጣዪው፤ እንግዶቼ የሚደገፉት ይሆናል።

ፈጣሪ አይለይሽ።
እናትሽም አባትሽም የሆንኩት አክስትሽ

ሰኔ 10

ለእቴቴ፣ ለመካሪዬ (ምክርሽ ምን እንዳደረገኝ አሁን ትሰሚያለሽ)፦

ሰላምታዬ እየሳቀ ቤትሽ ይግባ። ጤናሽ ይብዛ፣ ወገብሽ ይርገብልሽ። እኔ በጣም፣ እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

ዳቦዋን ገዛሁ። እንዳልሽው አንዲት፣ ያውም የደረቀች መርጬ። በሚስትየው ፊት ዳቦዋን ከፍ አድርጌ ይዤ አለፍኩ። «ይህቺን ብቻ ነው የምትበዪው? እኛ ጋ የተረፈ አለ፣ ልስጥሽ?» አለችኝ። አየሽ ዕድሌን? ግን ምን ያደርጋል፣ ይህ አፌ እኔን ሳያስፈቅድ «አይ፣ ይበቃኛል» አለ! «እሺ» ብላ ጨርቋን ማጠፍ ቀጠለች። ቀጥዬ አለቃዬ አጠገብ ቆሜ በረጅሙ ተነፈስኩ። ጉንፋን የያዘኝ መስሎት መስኮቱን ዘጋው።

ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ሶፋ ጭነን ላክን። አለቃዬ የወዳደቀ ክር ይጠርጋል፣ ሚስቱ መዝጊያውን ልታወርድ ነው፣ እኔ የክፍሌን ቁልፍ ይዤ ቆሜያለሁ። እዚያ ላይ የመጣው ይምጣ አልኩና ፍርጥ አደረግኩት። «ያኔ ስትጠሩኝ እምቢ ያልኩት መምጣት ስለማልፈልግ አይደለም» አልኩ። «እኔ ያደግኩበት ቤት ሰው ሲጠራ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ጠሪው ይለምናል። እናንተ አልለመናችሁኝም!» እንባዬ መጣ። አለቃዬ መጥረጉን አቆመ።

«ቆይ፣ መምጣት ትፈልጊ ነበር ማለት ነው?» አለች ሚስቱ።

«በጣም!»

«እኛ እኮ የናቅሽን መስሎን ነበር!»

እቴቴ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ለካ ባልና ሚስቱ በእኔ የተነሳ ተኳርፈው ከርመዋል። እሷ «አንተ ፊትህን አጥቁረህ ስለጠራሃት ነው» ትለዋለች፤ እሱ «ደግሞ ምን ፊት አለኝ?» ይላታል። እናትየው ደግሞ «ልጅቷን ምን በደልናት?» እያሉ ምግብ እንኳ አልበላ ብሏቸው ሰንብተዋል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ እነሱ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሁላችንም አኩርፈን!

አለቃዬ መጥረጊያውን አስቀመጠና «ስንት ጊዜ ነው የሚለመነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የሶፋ ልክ እንደሚጠይቅ ሁሉ ኮስተር ብሎ። ቢያንስ ሦስቴ አልኩት። «ነይ» አለ። «ነይ እንጂ። እባክሽ ነይ።» እሺ አልኩ። እናትየው በሳቅ ፈነዱ።

በዓሉማ ምኑን ልንገርሽ! የምግብ ጠረጴዛቸው ስላጠረ የእኛን ጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ገፍተን አስገባንና ከእሱ ጋር ገጠምነው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ስላለ የሾርባ ሳህን መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ሁሉም ሰው እጁን ይዘረጋል። ወንበር ሲያንስ ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸውን የደንበኛ ወንበሮች አመጣን፤ እኔ ስፖንጁ ገና ያልገባለት ላይ ተቀምጬ ከጠረጴዛው በላይ የምታየው አፍንጫዬ ብቻ ነበረች። ከዚያ ነገር ሁሉ ሦስት ሦስቴ ይጠየቅ ጀመር። «ሾርባ?» «ሾርባ?» «ኧረ ሾርባ?» ጨው እንኳ ሳይቀር! አውቶቡስ ነጂው የአለቃዬ ወንድም ነገሩ ሳይነገረው ስለመጣ ቤተሰቡ ያበደ መስሎት አንድ በአንድ ፊታችንን ያየናል።

እሱም አላመለጠኝም። ጥቂት ቀማምሶ «በቃኝ» ሲል እጄ አልሰማውም፤ ሥጋውን ሳህኑ ላይ ከመርኩለት። «በሞቴ! ይህቺን ብቻ! ካልበላህማ እቀየምሃለሁ!» ሰውዬው ደነገጠ። «ለአንድ ቁራጭ ሥጋ ትሞታለች እንዴ?» ብሎ ወንድሙን ጠየቀ። «ብላ፣ አትጨቃጨቅ፣ እኛም ተምረን ነው» አለው አለቃዬ። በላ። ደገምኩለት፣ በላ። በመጨረሻ ቀበቶውን ላላ አድርጎ «ይህችን ልጅ አውቶቡሴ ላይ ረዳት አድርጌ ልውሰዳት» አለ።

ከሁሉ አንጀቴን የበላችው ግን እናትየው ናቸው። ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ሲያዩን ቆዩ። ቀስ ብለው እጄን ያዙና «እኔንም እንደ እሱ ለምኚኝ» አሉኝ። ለመንኳቸው፤ አጎረስኳቸው፤ ቀና እያሉ እየሳቁ በሉ። 

አሁን አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቆጪኝ። አጎቴ ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ነው የመጣው። እስቲ አስቢው፤ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ሰውዬ መስታወት ፊት ተገትሮ ይጠብቃል፣ አጎቴ ደግሞ ጸጉሩን ሳያራግፍ ወደ አንቺ ይሮጣል። ይህ ንቀት ነው? ደግሞስ ማን ነው የሚመጣብሽ? በሐምሌ የዩኒፎርም ሹራብ የሚያሠራ ተማሪ የለም። እኔም የለሁም። እሱም ቤቱ ተቀምጦ «ምን በደልኳት?» እያለ ቢሆንስ? ሂጂ እቴቴ። ሂጂ በናትሽ። በሞቴ ሂጂ።

እየሳምኩሽ፣ እየፈራሁሽም
ችኩሏ

ሰኔ 25

ለልጄ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በዓሉን በደስታ በማሳለፍሽ ደስ ብሎኛል።

የእኔንና የወንድሜን ነገር ግን አንቺ አትግቢበት። ገና ትናንት አፍንጫሽን ስጠርግልሽ የነበርኩ ሰው ነኝ። በእሱ በር ላይ ቆሜ «አስገቡኝ» ልል ነው? እሱ ይምጣ። ደግሞ ሰው ይመጣብኛል ብያለሁ፣ ይመጣል። የጨርቁን ቁራጭ አትላኪ። ምንም አትላኪ። ስትጽፊ ስለ ሥራሽ ጻፊ።

ወገቤ ደህና ነው።

አክስትሽ

ሳልረሳው፦ ለመሆኑ ሴትዮዋ ከተለመኑ በኋላ ጥሩ አድርገው በሉ?

ሐምሌ 2

ለማትለመነው እቴቴ፦

ሰላምታዬን ካኮረፍሽ በር ላይ አስቀምጪው፤ ሲበርድሽ ትወስጂዋለሽ።

ጥሩ አድርገው በሉ። ሳህናቸውን በዳቦ ጠርገው በሉ። አሁንማ ልማድ ሆኖባቸው፣ ካልለመንኳቸው ማንኪያ አያነሡም።

ስለ ሥራ ጻፊ ስላልሽኝ፦ ሥራ አለ፣ ደህና ነው። ጨረስኩ። ሌላውን ደግሞ ሳልነግርሽ አላድርም። በእኛ በዓል ቀን እዚህ ሰው ሥራውን ይሠራል፤ እነሱ ግን ሱቁን ሊዘጉልኝ ነው! አለቃዬ ራሱ «ተዘግቷል» ብሎ ጽፎ አዘጋጅቷል። አውቶቡስ ነጂው ፈረቃውን ቀይሯል፤ ሆዱን ሊያዘጋጅ ነው መሰለኝ። ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን አንቺ ለብቻሽ ቁጭ ብለሽ እኔ እዚህ ብስቅ እንዴት ይዋጥልኛል? ለአጎቴ ልጽፍለት ወረቀት አወጣሁ፤ ብትሰሚ ዕድሜ ልክሽን ይቅር አትዪኝም ብዬ መለስኩት።

ይህን ሁሉ ለእናትየው አጫወትኳቸው። «በእኔ ስም ለምኛት» አሉኝ። «አሮጊት እየለመነቻት እምቢ አትበል። ሳህኑን ትግፋው፣ ይለምኗታል። መጀመሪያ ግን ሳህኑ አጠገብ ትድረስ» አሉ። ቃላቸው ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ችኩሏ

ሐምሌ 19

ለምወድሽ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለምላሰ ረጅሟ ልጄ፦

ሰላም፣ ጤና፣ ሳቅና ጥጋብ ካንቺ ጋር ይሁን! ለእነዚያ ሰዎችም ይሁን! ለአለቃሽ፣ ለሚስቱ፣ ቀበቶው ለላላው ነጂ፤ ለእናትየው ደግሞ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይድረስልኝ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ታጥቤ፣ ያን ባለ ጥልፉን ቀሚሴን ለበስኩ። ምግብ ሠራሁ፤ እጄ ለምዶበት የሁለት ሰው አደረገው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አስቀምጬ አንዱን መልሼ አነሣሁት። ልጄ፣ ያቺ ሳህን ያንቺ ነበረች። ጎረቤት ይስቃል፣ ከላይ በኩል ዘፈን ይሰማል፤ የእኔን በር የሚያንኳኳ የለም። ሰው አይመጣብኝም ነበር። ይኸው ጻፍኩት፤ አንቺ መቼም ታውቂው ነበር። እልህ ይዞኝ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና እጅጌ መሥራት ጀመርኩ። ሳላቆም ስሠራ ቆይቼ ባየው እጅጌው ወለል ደርሷል! የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ክንድ የለውም።

ያኔ ደብዳቤሽን አወጣሁና የሴትዮዋን ቃል ደግሜ አነበብኩት። የማላውቃቸው፣ ስሜን እንኳ የማይጠሩ ሴት ከዚያ ማዶ ሆነው ሲለምኑኝ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው እምቢ የምለው? ነጠላዬን ብድግ አድርጌ ወጣሁ።

በሩ ጋ ደርሼ እጄ አልነሣ አለኝ። ተመለስኩ። መንገዱ ዳር ቆሜ «እቴቴ በሞቴ» የምትዪው ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እንደገና ሄድኩና ሳላስብ ደበደብኩት፤ ማንኳኳት አይባልም፣ ደበደብኩት ነው። ወንድሜ ከፈተ። አንድ እግሩ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ ባዶ ነው፤ መቼም ይህ ልጅ መልበስ እንኳ ጀምሮ አይጨርስም። ሳይቀድመኝ ቀደምኩት። «ሁለተኛ ስላልጠራኸኝ ራሴን ጠርቼ መጥቻለሁ!» አልኩት።  አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም አለቀስኩ። እንዴ፣ ምን አለቀስኩ፣ ተንፈቀፈቅኩ እንጂ!

ሚስቱ ሳህን ይዛ መጣችና «ትበያለሽ?» አለችኝ። «አዎ!» አልኳት። ልትለምነኝ ተዘጋጅታ ነበርና «በሞቴ» አፏ ውስጥ ቀረባት፤ ቆማ ታየኛለች። ሦስታችንም ሳቅን። ቢሆንም አላረፈችም፤ ደጋግማ ለምና ቀበቶ ባይኖረኝ መቀነቴን አስፈታችኝ።

እንደሄድኩ ቀረሁ፤ ይህን የምጽፍልሽ ከእነሱ ቤት ነው። «ሳምንቱን ሰንብቺ» አሉኝ፣ እሺ አልኩ፤ «ሌላም ጨምሪ» አሉኝ፣ ያንንም እሺ አልኩ። ቀን ቀን ጸጉር ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ለደንበኞቹ ምን ዓይነት ቁርጥ እንደሚያምርባቸው እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ተከፍቶ ይሄዳል። ወንድሜም ሌላ ሥራ ፈልጊ እያለኝ ነው፤ ስለዚህ የመኪናዬን መርፌ ባስቸኳይ ላኪልኝ። ለእናትየው ሹራብ ልሠራላቸው ነው። የክንዳቸውን ልክ ለክተሽ ጻፊልኝ፤ «አይ፣ ይቅርብኝ» ካሉ እንዴት እንደሚደረግ ታውቂያለሽ።

ተባረኪልኝ። ያደረግሽልኝን ያድርግልሽ።
አክስትሽ

ከወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ፦

ልጄ፣ አጎትሽ ነኝ። እንዴት ነሽ? ፖስታ ቤት የምሄደው እኔ ስለሆንኩ ነው ይህችን ሹልክ አድርጌ የምጽፍልሽ። ያን ቀን በሩ ሲንኳኳ አንዱን ጫማ አጥልቄ ሁለተኛውን አልጋ ሥር ስፈልግ ነበር፤ ወደ እሷ ልሄድ። እስከዚያ ድረስ ያልሄድኩት ዳግመኛ እምቢ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። አደራ፣ እንዳትነግሪያት። ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ መጥቼ እለምናት እንደነበር ካወቀች፣ ዳግመኛ ቀድማኝ አትመጣም።